ስልኬን መቼ ዝም እንደሚል እያስተማርኩት ነው፦ እስካሁን የደረስኩበት

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልጻፈው። የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ሥራ ላይ ስሆን ስልኬ ዝም ይበል፣ የግድ የሆነ ነገር ሲመጣ ግን ይጩህ። «አትረብሹኝ» የሚለውን ለምን አታበራም ለምትሉ፣ እሱ የመልእክቱን ይዘት አያይም፤ የሚያሳልፈው ቀድመህ የመረጥከውን ሰው ወይም አፕ ብቻ ነው።

ስልኩን የማስተምርበት ዳታ የራሴ ነው። አንድሮይድ ከ4.3 ቨርዥን ጀምሮ ፈቃድ የሰጠኸው አፕ ኖቲፊኬሽን እንዲያነብ ያደርጋል። ማን ላከው፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ከፈትኩት ወይስ ጠረግኩት፣ ሁሉም ይመዘገባል። የጠረግኩትን ሁሉ ግን «አያስፈልግም» ብዬ አልመዘግብም፣ ስክሪኑ ላይ አንብቤው የምጠርገው ብዙ ነዋ። ከዚያ ላፕቶፔ ላይ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ሎጂስቲክ ሪግሬሽን አሠለጥናለሁ፤ ይህ ከዳታው ተምሮ አንድ መልእክት አስፈላጊ የመሆን ዕድሉን የሚገምት ቀላል ሞዴል ነው። ከዚያ የሚወሳሰበው ኒውራል ኔትወርክ ለዚህች ዳታ ቅንጦት ነው።

ፈተናው የቅሬያችን (የእድራችን) የቴሌግራም ግሩፕ ነው። እኛ ደሴ ቅሬ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቀብር ቀርቶ ሰው ፊት መቆም የለም። ግን እዚያው ግሩፕ ውስጥ በየጠዋቱ አበባ ያለበት «እንደምን አደራችሁ» ይዘንባል። ስለዚህ ግሩፑን ማወቅ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ጽሑፉ መነበብ አለበት። አንዱ «ሀዘን» ሌላው «ሐዘን» ሲለው፣ ደግሞ «ኀዘን» የሚል ጠንቃቃም አይጠፋም፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላቱን፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆኑትን፣ ወደ አንድ አመጣኋቸው። ቀጥሎ በቃል ፋንታ በፊደል ቁርጥራጭ፣ ማለትም ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ፊደል እያደረግኩ ሰጠሁት። «ለቀብሩ»፣ «የቀብር»፣ «ቀብሩን» ያኔ ዘመዳሞች ሆኑለት።

ሌላው፣ አኩሬሲ (ሞዴሉ ከሁሉም ውስጥ ስንቱን በትክክል እንደለየ) አያታልላችሁ። አብዛኛው ኖቲፊኬሽን ትርኪ ምርኪ ስለሆነ ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ ሞዴልም ጥሩ ውጤት ያመጣል። እኔ የማየው ሪኮልን ነው፤ ማለትም የግድ ከሆኑት መልእክቶች ውስጥ ስንቱን እንደያዘልኝ። ሞዴሉ 20 በመቶ እንኳ ከጠረጠረ ይጩህ ብዬዋለሁ። አንድ ቀብር ከሚያመልጠኝ አሥር የአበባ ፎቶ ቢረብሸኝ ይሻለኛል።

አሁን የያዝኩት ዝም የተባሉትን ኖቲፊኬሽኖች መቼ ልልቀቃቸው የሚለውን ነው። ሆ እና ኢንቲል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ከመቀመጥ ወደ መሄድ በሚሸጋገርበት ቅጽበት የሚመጣ መልእክት ብዙም እንደማይከብደው አሳይተዋል። የስልኩን እንቅስቃሴ የሚለካውን አክስለሮሜትሩን ከዚህ ሐሳብ ጋር አገናኘሁት፣ ግን ፒያሳ ባጃጅ ውስጥ መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ስልኩ «በእግሩ እየሄደ ነው» ይለኛል። የሞከረ ካለ ወዲህ በሉ።