የማይታይ ጋዝ ለጆሮ እንዴት ይነገራል? የስምንት ወር የሬድዮ ምርመራ ልምምድ

የምርመራ ዘጋቢ ዝግጅት ለሬድዮ መሥራት መለማመድ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በማዳመጥ አሳለፍኳቸው። ከሰማኋቸው ሁሉ ዕረፍት የነሳኝ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ኢን ዘ ዳርክ» የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ፖድካስት ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። በሚሲሲፒ በአንድ ክስ 6 ጊዜ ችሎት ፊት ስለቀረበው ከርቲስ ፍላወርስ ይተርካል። አዘጋጆቹ ከ200 በላይ ከሆኑ የችሎት መዝገቦች 115,000 ያህል ገጽ ሰብስበው መረመሩ። የአቃቤ ሕጉ ቢሮ ፍርድ ለሚሰጠው የዜጎች ሸንጎ (ጁሪ) ከታጩት ሰዎች ውስጥ ጥቁሮቹን ከነጮቹ ከ4 እጥፍ በላይ በሆነ መጠን እየመረጠ ያስወጣ እንደነበር አረጋገጡ። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፍላወርስ ላይ የተላለፈውን የጥፋተኝነት ፍርድ ሻረው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው ግን ያቺ «4 እጥፍ» ብቻ ናት።

ጆሮ ብዙ ቁጥር እንደማይዝ ባውቅም እኔው ቁጥር ማብዛት ላይ ወደቅኩ። ለልምምድ የመረጥኩት የሲኤፍሲ-11ን ታሪክ ነበር። የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዳው ይህ ጋዝ ኦዞንን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ መመረት አልነበረበትም። በ2018 ግን ሳይንቲስቶች ልቀቱ ከ2012 ወዲህ በሩብ ያህል መጨመሩን ይፋ አደረጉ። በ2019 ደግሞ በኮሪያና በጃፓን ደሴቶች ላይ ያሉ የአየር መለኪያ ጣቢያዎች ምንጩን ወደ ምሥራቅ ቻይና፣ በተለይም ወደ ሻንዶንግና ሄቤይ አመለከቱ። ሙሉ የወንጀል ታሪክ ነው፤ አሻራው ነፋስ ላይ የቀረ።

የመጀመሪያው ቅጂዬ 14 ደቂቃ ነበር። ያዳመጠልኝ ጓደኛዬ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጠፋበት። አንባቢ ያልገባውን አንቀጽ ተመልሶ ያነበዋል፤ አድማጭ ግን ያመለጠውን አይመልስም። እኔ በአንድ ትንፋሽ ሦስት ዓመተ ምሕረትና ሁለት መቶኛ ደርድሬ ነበር። አሁን ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ጨካኝ ነው፦ በአንድ ትዕይንት አንድ ቁጥር ብቻ፣ ከቁጥሩም በኋላ የሰው ድምፅ ወይም ዝምታ።

ከቁጥሩ የከፋው ድምፁ ነው። ጋዝ አይሰማም። ከድምፅ ማከማቻ የተራራ ነፋስ አውርጄ ከመለኪያ ጣቢያው ስም ሥር ላስገባው ዳድቶኝ ነበር። አላደረግሁትም፤ በምርመራ ሥራ ውስጥ እዚያ ያልተቀዳ ነፋስ ውሸት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎች በዚህ አይስማሙኝም፣ ቅር አይለኝም።

መፍትሔው ከማቀዝቀዣዬ መጣ። ቃለ መጠይቅ በቀዳሁ ቁጥር ጉርምርምታው እየገባ ሲያበሳጨኝ ነበር የኖረው፤ አንድ ቀን አጥፍቼው ሳልመልሰው እስከማደር ደርሻለሁ። ሲኤፍሲ-11 ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የማቀዝቀዣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን አረፋ ለመንፋት ያገለገለ ጋዝ ነው። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ወደ በሩ አስጠግቼ ጉርምርምታውን ቀዳሁት። ዝግጅቱ አሁን በዚያ ይጀምራል፤ ድምፁ የራሴ ማቀዝቀዣ እንደሆነም ለአድማጭ እናገራለሁ።

ያልፈታሁት አንድ ነገር ቀርቷል። ለዝግጅቱ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ሳነጋግር የባዶውን ክፍል ድምፅ አንድ ደቂቃ መቅዳት ረሳሁ፤ ቁርጡን የምሸፍንበት ድምፅ ስለሌለኝ ንግግራቸውን በቆረጥኩበት ቦታ ሁሉ ጉድጓድ ይሰማል። ሰኞ ይቅርታ ጠይቄ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ዝም ብለን ለመቀመጥ ብቻ።