«ምኑን ላስተካክል?»

አውሮራ፣ ኮሎራዶ የምንኖር ሐበሾች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ መንገድ ላይ ያርፋል። ከዘመድ ከወዳጅ መሀል አንድ ትራክ ነጂ አይጠፋም። እኔም አሁን ከእነሱ አንዱ ነኝ። አገር ቤት ግን የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ከማስተማር ይዤ የመጣሁት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ተማሪን «ገባችሁ?» ብትለው ሁሉም «አዎ» ይላል። «ይሄን መስመር ከየት አመጣነው?» ስትል ነው ማን እንደገባው የሚታየው።

ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ልማር ስገባ አሰልጣኜ የኛው ልጅ ሆነ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል። ጨዋ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ «ጋሼ» እያለ አንቱ ይለኛል። ያርድ (የልምምዱ ግቢ) ውስጥ ወደ ኋላ ስነዳ ቆሞ ያየኛል። ጨርሼ ስወርድ «አሪፍ ነው ጋሼ» ይላል። በሚቀጥለውም «አሪፍ ነው ጋሼ»። ከልቡ ነው የሚያከብረኝ። ታላቅን ማረም እንደ ነውር በሚታይበት ቤት ነው ያደገው፣ እኔም እንደዚያው።

ስለዚህ አንድ ቀን ሻይ ጋበዝኩትና በግልጽ ነገርኩት። «ስማኝ ወንድሜ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ መምህሬ አንተ ነህ። ዕድሜዬን እርሳው። ያየኸውን ሳትሸፍን ንገረኝ፣ አልቀየምህም።» ከዚያ በኋላ «እንዴት ነበር?» ማለቴን ተውኩ። «አሁን ስገባ ምኑን ባስተካክል ይሻል ነበር?» እለው ጀመር።

ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። «ጋሼ፣ መሪውን ቶሎ ነው የሚያበዙት። ተሳቢው ዘግይቶ ነው የሚታዘዘው፣ ትንሽ ይስጡትና ይጠብቁት። ስፖኪዮው ላይ የተሳቢውን የኋላ ጎማ ይዩ። ከተጠራጠሩ ደግሞ ያቁሙ፣ ይውረዱና በዓይንዎ ይዩ።» ወደ ኋላ ስትነዳ መሪውን ወደ ቀኝ ካዞርክ ተሳቢው ወደ ግራ ነው የሚሄደው። 53 ጫማ የሚረዝም ነገር ሲሆን ደግሞ መጽሐፍ አንብበህ የምትወጣው አይደለም። አጠገብህ ቆሞ የሚያይህ ሰው ያስፈልግሃል።

ከመነሳት በፊት የሚደረገውን ፍተሻ ብዙዎቻችን በእንግሊዝኛ ሸምድደን ነው የምንፈተነው። እኔ «ለምን?» ማለት ደስ ይለኛል። የፊት ጎማዎች ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ 4/32 ኢንች፣ የሌሎቹ 2/32 ይበቃል ይላል ሕጉ። ለምን ተለያየ? የፊቱ ቢፈነዳ የሚጠፋው መሪው ነዋ! ምክንያቱን ካወቅኩ ቁጥሩ ከአእምሮዬ አይወጣም።

ዋናው ትምህርት ግን ተራራው ላይ ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ-70 አውራ ጎዳና ስትወጣ የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው ወጥተህ ወደ ሲልቨርቶርን የምትወርድበት ቁልቁለት ቀልድ የለውም። ሙሉ ጭነት ማለት እስከ 80,000 ፓውንድ ነው። ልጁ ደጋግሞ ያስጠናኝ ይህን ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ። ለቦታው የሚሆነው ፍጥነት በሰዓት 40 ማይል ከሆነ፣ 40 ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ 35 ሲወርድ ልቀቀው። እንደገና 40 ሲሞላ ያዝ። እግርህን ፍሬኑ ላይ ጭነህ ከወረድክ ግን ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

በኤፕሪል 2019 እዚሁ ሌክዉድ አጠገብ የደረሰውን አደጋ የማያስታውስ የኮሎራዶ ነጂ የለም። እንደኛው ስደተኛ የሆነ ወጣት ፍሬን እንቢ አለኝ ያለበት ትራክ የቆመ የመኪና ሰልፍ ላይ ወጥቶ 4 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት ማምለጫውን፣ ማለትም ፍሬን እንቢ ያለው ትራክ ገብቶ እንዲቆም መንገድ ዳር በጠጠር የተሠራውን መንገድ፣ አልፎት ነበር። 110 ዓመት ተፈርዶበት፣ በኋላ ጃሬድ ፖሊስ የተባሉት የኮሎራዶ አገረ ገዥ ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። የሟቾቹም የእሱም ቤተሰብ ያሳዝነኛል። አሰልጣኜን «ማምለጫው ውስጥ ለመግባት የሚወሰነው መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ገና ከላይ ሳሉ ነው ጋሼ። የት የት እንዳለ አውቀው ይውረዱ። ፍሬኑ ከላላ አያመንቱ፣ ጠጠሩ ውስጥ ይግቡ። ዕቃ ይተካል» አለኝ።

አገር ቤት ሹፌር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከረዳትነት ነው። ዓመታት ጎን ተቀምጦ አይቶ ነው። እዚህ ከ2022 ጀምሮ አዲስ ሰው ከተመዘገበ አሰልጣኝ መማር ግዴታ ሆኗል፣ ግን የፌዴራሉ ሕግ ዝቅተኛ የመንጃ ሰዓት አላስቀመጠም። ስለዚህ ያለህን ጊዜ በጥያቄ መሙላት ያንተ ፋንታ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ!

የተናገረህን ሁሉ ስማ ማለቴ አይደለም። በስልክ የሚመክር ሞልቷል። እኔ የማዳምጠው ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ያየኝን ነው። ባለፈው ክረምት መንገድ ዳር ለበረዶው ጎማዬ ላይ ሰንሰለት ሳስር አንድ ሜክሲኳዊ ሽማግሌ ነጂ ቆሞ ተመለከተኝ። ቋንቋችን ብዙም አይግባባም። በእጁ እያሳየ ትንሽ ነድቼ እንድቆምና እንደገና እንዳጠብቀው ነገረኝ። አመስግኜ እንዳለኝ አደረግኩ፣ ሰንሰለቱ እውነትም ላልቶ ነበር።

አሁን ደግሞ ዓይኔ ታንከር (ፈሳሽ የሚጭነው ትራክ) ላይ ነው። በግማሽ የተሞላ ፈሳሽ ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት ይገፋሃል፣ ከቆምክ በኋላም ይገፋል። በዚያ ሥራ የቆየች አንዲት እህት አግኝቼ ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረናል። ጥያቄዎቼን ጽፌ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው «መስቀለኛ መንገድ ላይ በረዶ ቢኖር ከምን ያህል ርቀት ነው ማብረድ የምትጀምሪው?» የሚል ነው።