የጀበና ማቶት የሚመስለው ኔቡላ

ሦስት ምሽት ሙሉ እያየሁት ሳላውቀው አለፍኩ። የምፈልገው ኤም57ን፣ የቀለበት ኔቡላ የሚሉትን ሰማይ ላይ ያለ የጋዝ ደመና ነበር። ቴሌስኮፔ ትንሽ ነው፤ የመስታወቱ ስፋት 114 ሚሊሜትር። አዲስ አበባ በመብራቱ ብዛት አልሆነልኝም፤ ጥቅምት ላይ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ይዤው ሄድኩ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቦታው ከባድ አይደለም። እንደመሸ በሰሜን ምዕራብ ደምቃ የምትታየው ኮከብ ቬጋ ናት። አጠገቧ ሸሊያክና ሱላፋት የሚባሉ ሁለት ኮከቦች አሉ። ኔቡላው በእነሱ መካከል ነው።

ችግሩ እኔው ነበርኩ። ፎቶ ላይ ያየሁትን ቀይና ሰማያዊ ስጠብቅ፣ 36 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ኮከብ እየመሰለኝ እተወዋለሁ። በአራተኛው ምሽት አንዱ «ኮከብ» እንደሌሎቹ ጥርት አልል አለኝ። ሌንስ ቀይሬ 90 እጥፍ ሳደርገው ሌሎቹ ነጥብ እንደሆኑ ቀሩ፣ እሱ ግን ሰፋ። ግራጫ ጭስ ነገር። ትኩር ስልበት ይጠፋል፤ ዓይኔን ወደ ጎን ሳደርግ ይመለሳል፣ መሃሉም ጨለም ይላል። ለካ የዓይናችን መሃል ጨለማ ላይ ሰነፍ ነው። ደግሞ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ እኔ በየአምስት ደቂቃው ስልኬን አበራለሁ! ከዚያ ወዲህ ስልኬን ቤት ትቼ፣ ባትሪዬን በቀይ ፌስታል ሸፍኜ ነው የምወጣው።

እናቴን ጠራኋት። «እማዬ፣ ፊት ለፊት አትዪው፣ ከጎኑ እዪ።»

ትንሽ ቆየችና «ይሄማ የጀበና ማቶት ነው!» አለች።

እንዲህ ያለው ኔቡላ ፕላኔታዊ ኔቡላ ቢባልም ከፕላኔት ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊሊያም ኸርሽል ክብ ሆነው ፕላኔት ቢመስሉት ያወጣው ስም ነው። እየሞተ ያለ ኮከብ የጣለው ጋዝ ነው፤ የቀረው ትኩስ አስኳል ዓይን በማያየው የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ያበራዋል። አስኳሉ በእኔ ቴሌስኮፕ አይታይም። የሚገርመው የብርሃኑ ነገር ነው። በ1864 ሌላው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊሊያም ሃጊንስ የአንዱን ኔቡላ ብርሃን ወደ ቀለማቱ ሲበትን ማንም የማያውቀው አረንጓዴ መስመር አገኘ። ኔቡሊየም የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር አለ ተባለ። በ1927 የፊዚክስ ሊቁ አይራ ቦወን መስመሩ የሚመጣው ሁለት ኤሌክትሮን ከጎደለው ኦክስጅን መሆኑን አሳየ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን!

ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳወራ «የኛም ፀሐይ እንዲህ ትሆናለች?» አለችኝ።

«አዎ፣ ከብዙ ቢሊዮን ዓመት በኋላ።»

«እንግዲያ አሁን ግባ፣ ብርድ ይመታሃል።»