የነሐሱን ቀለበት ይዤ ወደ ድሬዳዋ

አለቃዬ አምና ሲያርፉ ልጆቻቸው ከዕቃቸው መሃል አንድ የነሐስ ቀለበት ሰጡኝ። መዳፍ የሚሞላ፣ ጠርዙ ላይ በመብሻ ሦስት ነጥብ የተመታበት ወፍራም ቀለበት ነው። ቶርኖ፣ ብረት እያዞረ የሚቆርጠውን ማሽን፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ጎተራ አካባቢ ባለችው ቤቴ ውስጥ የምበላው እንጀራ ከሳቸው እጅ የወጣ ነው። ቀለበቱ ካወቅኳቸው ጊዜ ጀምሮ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፣ ደረሰኝ ነፋስ እንዳይወስደው ይጭኑበታል። "ድሬ እያለሁ ለባቡር የሠራሁት ነው" ይሉኛል። ከዚያ አልፌ ስጠይቅ ወሬ ይቀይራሉ።

ግንቦት ላይ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ቀለበቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተነሣሁ።

ለቡ ጣቢያ ፍተሻው ላይ ቦርሳዬ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ፈታሿ ቀለበቱን አውጥታ አገላበጠችው።

"ምንድነው ይሄ?"

"የባቡር ዕቃ ነው።"

"ከየት ፈትተውት ነው?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ከዚህኛው ሳይሆን ከድሮው ባቡር እንደሆነ፣ የሟች አለቃዬ መታሰቢያ እንደሆነ አስረዳሁ። እሷም ስትስቅ መለሰችልኝ።

የአዲሱን ባቡር መንገድ ብዙ ሰው ስለጻፈበት እኔ አላረዝመውም። ለኔ ዓይነቱ እንጀራውን ከብረት ለሚበላ ሰው ግን አንድ ነገር አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ማለት ነው። በድሮው ጊዜ ይሄ ሁሉ ቁልቁለት የሚበላው ፍሬን ነው፤ የፍሬኑ ጫማ ጎማውን እየፋቀ፣ ሁለቱም እየጋሉ ይወርዳሉ። አሁን ከላይ ከሽቦው 25,000 ቮልት የሚወስደው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቁልቁለት ላይ ሞተሮቹን ወደ ጄኔሬተርነት ይቀይራቸዋል። ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ መብራት ያመነጫል፣ መብራቱ ወደ ሽቦው ይመለሳል። ባቡሩ ሳይፋቅ ይያዛል። አጠገቤ ለተቀመጠች ጫት ነጋዴ ይህን በደስታ ሳስረዳት "እና ቲኬቱ ለምን አይቀንስም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መተሐራ ጋ የበሰቃ ሐይቅ በመስኮቱ አለፈ። ይህ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የድሮውን ሃዲድም አውራ ጎዳናውንም ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ከዚያ አዋሽ። የድሮው ባቡር ተሳፋሪ አዋሽ ሲደርስ ወርዶ ይበላ፣ ያድር ነበር፤ የጣቢያው ሆቴል ዝናው እስከ ዛሬ አለ። እኛ ብስኩታችንን እየበላን አለፍን። አዋሽ ሲባል እኔ ሌላም ትዝ ይለኛል፤ በጥር 1977 ዓ.ም. እዚያው አቅራቢያ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሃዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። አለቃዬ ይህን ወሬ ሲሰሙ ሥራ ትተው ከቤት ይወጡ ነበር።

ድሬ ስንደርስ ሙቀቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ በባጃጅ ገባሁ። ያረፍኩበት ሆቴል ውኃ አልነበረውም፤ ልጁ ባልዲ እያቀበለኝ "አቦ፣ ይመጣል" አለ። አልመጣም። ማታ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ።

ጠዋት በቀጥታ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ። ድሬዳዋ ከባቡሩ በፊት ከተማ አልነበረችም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሃዲዱን ወደ ሐረር የሚወስድ ነበር፤ ተራራው ገንዘብ ሲበላ ጊዜ ሐረርን ከላይ ትተው ሜዳው ላይ ቆሙ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሃዲዱ እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ በሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ። ጠቅላላው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድሬ ከጅቡቲ 311ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ከባሕር የመጣው ሁሉ ተራራ ከመውጣቱ በፊት የሚፈተሽበት፣ ከተራራ የወረደው ሁሉ በረሃ ከመግባቱ በፊት የሚጠገንበት ቦታ። አትሊዬው እዚህ መሆኑ አያስገርምም።

አትሊዬ የሚሉት የጥገና ቤቱን ነው። የድሬ ሰው "ጋራዥ" ስትለው ይከፋዋል።

በር ላይ የተቀበሉኝ አዛውንት ሰባዎቹን ያለፉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከቦታው መለየት ያቃታቸው ሰው ናቸው። ነጠላ ጫማ፣ ሽርጥ፣ ከላይ ግን የተተኮሰ ሸሚዝ። "ቦንዡር" አሉኝ። ቶርኖ ሠራተኛ መሆኔን ስነግራቸው እጄን ያዙና ጣቶቼን ቆጠሩ። "አሥሩም አሉ። ጎበዝ" አሉና አስገቡኝ።

እኔ ትልቅ የምለው ቶርኖ እዚያ ቤት ውስጥ ልጅ ነው። አንድ አክስል ከነሁለት ጎማው በአንድ ላይ የሚታሰርበት ማሽን አለ። የባቡር ጎማ ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ወደ ውጭ በጥቂቱ ይሾጥጣል። ባቡሩ መሪ የለውም፣ ሃዲዱ መሃል የሚያስኬደው ያ ሹጥጥነት ነው። በውስጥ በኩል ያለው ከንፈሩ ደግሞ እንዳይወጣ ይጠብቀዋል። የድሮው ሃዲድ አንድ ሜትር ስፋት ብቻ ያለው፣ ኩርባ የበዛበት ነው፤ ኩርባ ላይ ከንፈሩ ሃዲዱን እየተሻሸ ይሳሳል፣ የሚረግጥበት ቦታም ይሰረጎዳል። ስለዚህ ጎማው በየጊዜው እየወረደ እዚህ ማሽን ላይ ታስሮ ቅርጹ ይመለስለታል። በአዳዲስ የባቡር ቤቶች ቶርኖው ከወለሉ በታች ይቀበራል፣ ባቡሩ ጎማው ሳይፈታ ከላይ መጥቶ ይቆምበታል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር በክሬንና በጫንቃ ነበር።

"በተቆረጠ ቁጥርስ አያልቅም?" አልኳቸው፣ መልሱን ባውቅም።

"ያልቃል። ባንዳዡ ይቀየራላ!"

ባንዳዥ በፈረንሳይኛ ለቁስል የሚጠቀለለው ፋሻ ነው፤ የባቡሩ ጎማ ላይ የሚለበሰውንም የብረት ቀለበት በዚያው ስም ይጠሩታል። አዛውንቱ በአንድ ወቅት ሐኪም ቤት ሄደው ነርሷ "ባንዳዥ ላምጣ" ስትል መቶ ኪሎ ብረት የምትሸከም መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲነግሩኝ ይበልጥ አሳቀኝ።

አለባበሱን በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ፣ እኔም በሐሳቤ ቁጥሩን እየሠራሁ ተከተልኳቸው። ጎማው አንድ ሜትር ቢሆን ቀለበቱ ሆን ተብሎ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ጠቦ ይቆረጣል። በዚያ ሁኔታ በመዶሻ ብትወግረው አይገባም። ከዚያ ዙሪያውን እሳት ይለቀቅበታል። ብረት በ250 ዲግሪ ሲሞቅ በሜትር ሦስት ሚሊ ያህል ይሰፋል፤ አንድ ጠቦ የነበረው አሁን ሁለት ተርፎታል። ጎማው ከላይ በክሬን ቀስ ተብሎ ይወርድለታል፣ እንደ ጣት በቀለበት ይገባል። ሲቀዘቅዝ ይጨመድደዋል። ብሎን የለ፣ ብየዳ የለ። "ያን ጊዜ መናገር የለም" አሉ። "አንድ ሰው ካስነጠሰ፣ ከተጣመመ፣ በዚያው ይዞ ይቀራል። ሙሴው ሰዓቱን እያየ ይቆማል፣ እኛ ላባችን እሳቱ ላይ ጢስ ጢስ እያለ።"

ሙሴ የሚሉት ፈረንሳዊውን አለቃ ነው። በሳቸው ጊዜ የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጀመሪያ ከስዊዘርላንድ፣ ኋላም ከአልስቶም ፋብሪካ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች መጥተዋል። የእንፋሎቱን ግን ከቀደሟቸው ሰምተዋል፤ የበረሃው ውኃ ጨው እየሆነ ቦይለሩን ከውስጥ ይጋግረዋል፣ ጀበና ሲከርም ውስጡ እንደሚጋገረው። ሰው ገብቶ ይፈቀፍቃል። ናፍጣው ሲመጣ ከዚያ ተገላገሉ፣ በምትኩ ሌላ መጣ፤ ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ አክስል ላይ የታሰሩትን ሞተሮች ያዞራል፣ ስለዚህ ብረት ሠራተኛው ሽቦ መጠምጠም መማር ነበረበት።

ግቢው ውስጥ ቆመው ከቀሩት አንዱ ሎኮሞቲቭ ጎን አነስተኛ መዶሻ አንሥተው ሰጡኝ። "ምታ።" ጎማውን መታሁት። ድምፁ ረጅም ሆኖ ደወል መሰለ። አራት እርምጃ ወስደው ሌላ ፉርጎ ጋ አስቆሙኝ። "ይሄንንም።" መታሁ፤ ድፍ አለና ጠፋ። የተሰነጠቀ ነው። እናቴ ገበያ ላይ ገንቦ ስትገዛ በጣቷ አጠፍ አድርጋ እንደምትኳኳው። አንድ ባቡር ከመነሣቱ በፊት ሰው በጎኑ እየሄደ እያንዳንዱን ጎማ እንዲህ ይጠይቀው ነበር፤ ሌሊት ከሆነ ፋኖስ ይዞ።

ከዚያ ወደ ማቅለጫው ገባን። ይሄን ሳይ ነው አለቃዬ ለምን እንደዚያ ዓይነት ሰው እንደሆኑ የገባኝ። እሳቸው ቤት ዕቃ የለም ተብሎ ደንበኛ አይመለስም፤ ይሠራል። እዚህም እንደዚያው ነበር። የፍሬን ጫማ የሚሠራው ከቀለጠ ብረት ነው፣ ዕድሜው አጭር ነው፣ ከማርሴይ በመርከብ ጠብቀህ አትዘልቀውም። ስለዚህ የእንጨት አምሳያው እዚሁ ይቀረጻል፣ አሸዋ ውስጥ ይታተማል፣ ብረቱ ይፈስሳል። አምሳያዎቹ አሁንም መደርደሪያ ላይ ተደርድረው አቧራ ለብሰዋል። አንዱን አንሥቼ አቧራውን እፍ አልኩት፤ እንጨቱ በእጅ ብዛት ለስልሷል።

የማይሠራው ነገር ሲበዛ ምን እንደተደረገ አዛውንቱ ቶሎ ብለው ነው ያለፉት። መለዋወጫ ሲጠፋ አንዱን ሎኮሞቲቭ አርደው ሌላውን ያድናሉ። አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአንድ እየተበለቱ ቆዩ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቀረ። "አቦ፣ ብረት ምን ያደርጋል" አሉና ወደ ሌላ ክፍል ሄዱ። እኔ ግን ብረቱን አልወቅስም። አንድ ሰው የፍሬን ጫማ ማቅለጥ ይችላል፤ ለናፍጣ ሞተር ነዳጅ የሚረጨውን መርፌ ማቅለጥ አይችልም። ለአዲሱም መስመር የምፈራው እሱን ነው፣ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ሲቃጠል በመዶሻ አትጠይቀው።

መጨረሻ ላይ፣ ግድግዳው ላይ መለኪያዎች የተሰቀሉበት ክፍል ስንደርስ፣ ቀለበቱን አወጣሁ።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስቱን ነጥብ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። የማን ምልክት እንደሆነ አላወቁትም፤ ስም ብነግራቸውም "ስንቱ አለፈበት" አሉ። ከዚያ ግድግዳውን ፈልገው ሁለት ጫፍ ያለው አንድ የብረት ጌጅ አወረዱ፣ ጫፎቹን በሸሚዛቸው ጠረጉ። እኔም ቤቴ እንዲህ ዓይነት አለኝ። ቀዳዳ ስትቆርጥ አንደኛው ጫፍ መግባት አለበት፤ ሌላኛው፣ ወፈር ያለው፣ መግባት የለበትም። ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ብረት ደግሞ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም።

የመጀመሪያውን ጫፍ ከተቱት። ገባ። "ቢያን።" ገለበጡና ሁለተኛውን አስጠጉት።

እንደ ቅቤ ገባ።

ቀና ብለው አዩኝ፣ ቀስ ብለው መሳቅ ጀመሩ። "ይሄ ባቡር ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ የኔ ልጅ። የተበላሸ ነው። ሙሴው ቢያየው ወደ ማቅለጫው ይወረውረዋል፣ ደሞዝም ይቆረጣል። ሰውዬህ በኪሱ ደብቆ ነው ያወጣው።"

እኔንም ሆዴን እስክይዝ አሳቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት እኔ አንድ መቶኛ ሚሊ ስስት ዕቃውን ከእጄ ነጥቀው ጥግ የሚወረውሩብኝ ሰው፣ የገዛ ጥፋታቸውን ደረሰኝ አስጭነውበት ኖረዋል።

በማግስቱ ድሬ ጣቢያ ፍተሻው ላይ ቦርሳዬ እንደገና ቆመ። ወጣቱ ቀለበቱን አንሥቶ "ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"ወረቀት መጫኛ" አልኩት። አሳለፈኝ።