አንደኛ የምትወጣው ተማሪዬ ያቃታት ነገር

የሕይወት ክህሎት ክፍለ ጊዜ ሲሰጠኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። በሳምንት አንዴ፣ 40 ደቂቃ። የዓለም ጤና ድርጅት የዘረዘራቸውን 10 ክህሎቶች ይዤ ገባሁ። ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ ሐሳብን መግለጽ፣ ጭንቀትን መቋቋም፣ ወዘተ። በየሳምንቱ አንዱን አስተማርኩ፣ ማስታወሻ ጻፉ። እስከዚህ ሰላም ነበር።

ጣጣው የመጣው ማርክ ሲጠየቅ ነው። "ከ100 አስገባ" ተባልኩ። "ለሰው ማዘን ስንት ይያዝ?" ብዬ ብጠይቅ ኃላፊው ፎርሙን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "ባዶ መተው አይቻልም" አለኝ። ያ ፎርም እስካሁን ያናድደኛል። ግን በፎርም ማሳበብ አልችልም፤ ቀጥሎ የሠራሁት የራሴ ነው።

ስድስት ስድስት አድርጌ የቡድን ሥራ ሰጠሁ። የክፍሉ አንደኛ ያለችበት ቡድን 24 ገጽ ይዞ መጣ፣ እንከን የሌለው። 98 ሰጠሁ። እሷን አስነስቼ "ኃላፊነት ማለት ይሄ ነው" ብዬ አስጨበጨብኩላት።

ማታ ሥራውን እንደገና ሳገላብጥ ነው የነቃሁት። ስድስት ስም፣ ሦስት ዓይነት የእስክሪብቶ ቀለም፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። ቀለሙን የቀያየረችው የተለያየ ሰው የጻፈው እንዲመስል ነው። መጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ፊደሎቹ ከመስመር እየወጡ ይወርዳሉ። እንቅልፍ እየጣላት ነው የጻፈችው።

በማግስቱ ለብቻዋ ጠራኋት።

"ለምን ድርሻቸውን አምጡ አላልሻቸውም?"

ቆይታ "ቲቸር፣ እምቢ ቢሉኝስ?" አለችኝ።

10ሩንም ክህሎት በቃሏ ትወጣቸዋለች። ፈተናውንም የደፈነችው እሷ ናት። አንድ ልጅ ፊት ቆሞ መጠየቅ ግን አቃታት፤ እኔ ደግሞ ለዚያው አስጨበጨብኩላት። ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

ማስታወሻ ማጻፍ ተውኩ። አሁን ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ድርሻውንና የሚያደርስበትን ቀን ጮክ ብሎ ይናገራል። "ያንተ ድርሻ አልደረሰኝም፣ መቼ ትሰጠኛለህ?" የምትለውን ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዷታል። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ያልመጣ ድርሻ በባለቤቱ ስም ባዶ ገጽ ሆኖ ይገባል፣ ማርኩም ከቡድኑ ይቀነሳል። ማንም እንዲሞላለት አልፈቅድም። ፎርሙ ላይ ለቡድኑ አባላት ሁሉ አንድ ቁጥር አስገባለሁ። መመሪያው እንደዚያ አይልም፤ ከፈለጉ ይጠይቁኝ።

በሁለተኛው ሴሚስተር ያቺው ልጅ ሥራ አስረከበችኝ። አንዱ ገጽ ላይ የአንድ ልጅ ስም ብቻ ተጽፏል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። "ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ" አለች፣ ወረቀቱን ሳትለቀው።

ማርኳ ወረደ። በሳምንቱ አባቷ መጡ፣ ተቆጥተዋል።

"ልጄ ራሷ ልትሞላው ስትችል ለምን ከለከሏት?"

"እንደምትችልማ አውቃለሁ" አልኳቸው።