«ጥቁር» የምትለዋ መስመር

ዛሬ ስለ ደም ግፊት የተጻፈ ጥናት እንድገመግም ተልኮልኝ ከሱ ጋር ዋልኩ። ዓይኔ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ ቀረ። «ጥቁር» ይላል። በቃ። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ ቅድመ አያቱ አሜሪካ የተወለዱትም እዚያች መስመር ውስጥ ታጭቀዋል። ማን መደባቸው? ራሳቸው ተጠይቀው ነው? አንድም ቃል የለም። መደምደሚያው ግን በጥቁሮችና በሌሎች መካከል ያለውን የደም ግፊት ልዩነት «በዘረመል ሊሆን ይችላል» ብሎ ያልፋል። የአንድም ሰው ዘረመል ሳይመረመር!

የመጽሔት አዘጋጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጃማ (የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ተመራማሪዎች የሰዎቹን ዘር ማን እንደመደበና ለምን እንደመዘገቡት እንዲጽፉ ይጠይቃል። ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። የኩላሊትን አቅም የሚገምተው ቀመር ለዓመታት ለጥቁሮች የተለየ ማባዣ ነበረው። ኩላሊታቸውን ከሌላው የተሻለ አድርጎ ያሳይ ነበር። በዚህ የተነሳ የንቅለ ተከላ ወረፋ ውስጥ ሳይገቡ የዘገዩ አሉ። ማባዣው ከቀመሩ የተሰረዘውም በዚያው በ2021 ነው።

እናቴ እዚህ አገር መጀመሪያ ክሊኒክ የሄደች ቀን አብሬያት ነበርኩ። ተቀባይዋ ቀና ብላ አየቻትና ሳትጠይቃት ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። ያቺ ምልክት ዛሬ የማን ሰንጠረዥ ውስጥ ትሆን?

ለአዘጋጇ ሁለት ገጽ ጻፍኩላት። «ይሄ ሳይስተካከል እንዳይወጣ» አልኳት። መልሷን እየጠበቅኩ ነው።