የኤፍሬም እናትስ?

ዛሬ ደሴ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አነሳን። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ ለይፋዊው ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

እህቴ ቀጣዩን ክፍል ነው የምትፈልገው። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ከፊልሙ በፊት ያለው ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ኤፍሬም እናቱን በድርቅ ያጣ፣ የሚወደው በግ እንዳይታረድበት የሚሠጋ፣ ወጥ መሥራት የሚችል ልጅ ነው። እኔ ብሠራው እናትየውን ነው የማሳየው። ሽንኩርቱን ስታቁላላ፣ ልጁ ጭሱ ዓይኑን እየለበለበው ሲያማስል፣ ጨው ሊያበዛ ሲል እጁን ያዝ ስታደርገው። ወሎ ውስጥ የ66ቱና የ77ቱ ድርቅ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። እንዴት እንደሞቱ ብዙ አይተናል። ከዚያ በፊት እንዴት ይኖሩ እንደነበር ማን አሳየን?

አባትየውም አለ። ልጁን ዘመድ ቤት ትቶ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የገባው። እሱ ብቻውን አንድ ፊልም ይወጣዋል!

እህቴ ደግሞ በምትመኘው ቀጣይ ክፍል ኤፍሬምን አሳድጋ ባቲ ሰኞ ገበያ ምግብ ቤት ከፍታለታለች። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም አንድ ላይ የሚበላበት። «በጉስ?» ስላት፣ «አብሽር፣ እዚያ ቤት በግ አይታረድም» አለችኝ።